ከ4.86 ወደ 1.03፦ የፓውንድና የዶላር ምንዛሪ ታሪክ በአንድ መስመር ይነበባል ወይ?

ሚዛን ጠባቂ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት የእንግሊዝ ፓውንድ በአሜሪካ ዶላር ሲመነዘር የኖረበትን ተመን ከ1850ዎቹ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በአንድ ሰንጠረዥ ሰብስቤ በመስመር ሣልኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። መስመሩን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ታሪኩ ቀላል ይመስላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አንድ ፓውንድ 4.86 ዶላር ያወጣ ነበር፤ በ1949 ወደ 2.80 ወረደ፣ በ1967 ወደ 2.40፣ በ1985 መጀመሪያ ወደ 1.05 አካባቢ፣ በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ለጥቂት ጊዜ እስከ 1.03 ደረሰ። ከዚህ ተነሥቼ ፓውንድ መቶ ዓመት ሙሉ ሳያርፍ ሲንሸራተት የኖረ ገንዘብ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደርሼ ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አላስተኛ አሉኝ። አንደኛው፣ መስመሩ በአንዳንድ ቦታ ለዓመታት እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይቆይና በአንድ ሌሊት ገደል ይገባል፤ ከ1972 ወዲህ ግን አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። ሁለተኛው፣ ከ1850ዎቹ የኒውዮርክ የምንዛሪ ዝርዝሮች ያገኘሁት ቁጥር ከ4.86 ጋር ጨርሶ የማይመሳሰል፣ 109 ወይም 110 የሚል ነው። ይህን ቁጥር የት ላግባው? የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ ደስ ይለኛል።

የድሮ መዝገብ

ሚዛን ጠባቂ፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ሲፈታ የመጀመሪያውም ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ያገኙት 109 ስሕተት አይደለም። ዋጋም አይደለም፤ መቶኛ ነው። የአሜሪካ ነጋዴዎች በጥንቱ ዘመን ሒሳባቸውን ይይዙ የነበረው በስፔን የብር ዶላር ሲሆን፣ አንዱ የብር ዶላር በእንግሊዝ ገንዘብ 4 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ ማለትም 54 ፔንስ ይታሰብ ነበር። ፓውንዱ 240 ፔንስ ስለነበረ 240 ለ54 ሲካፈል 4.4444 ይመጣል። ይህ ቁጥር የስም ተመን ሆኖ ጸና፤ የገበያው ዋጋም ከእሱ አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ እየተጠቀሰ ይነገር ጀመር። በ1834 እና በ1837 የወጡት የአሜሪካ ሕጎች በዶላሩ ውስጥ ያለውን የወርቅ መጠን ሲለውጡ እንኳ ይህ ልማድ ከቦታው አልተነቃነቀም።

እስቲ ሁለቱን ገንዘቦች ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው። ሶቨሪን የሚባለው የአንድ ፓውንድ የወርቅ ሳንቲም በውስጡ 7.322 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነበረው። አንድ ዶላር ከ1837 በኋላ በሕግ 1.5046 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ቢያካፍሉ 4.866 ያገኛሉ። ይህን ደግሞ ለ4.4444 ሲያካፍሉት 1.095 ይሆናል። ስለዚህ 109.5 የሚለው ቁጥር ፓውንድ ዘጠኝ በመቶ ተወደደ ማለት ሳይሆን ልክ በወርቁ እኩልነት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ 109 ሲሆን ፓውንድ ትንሽ ረክሷል፣ 110 ሲሆን ትንሽ ተወዷል። እዚህ ላይ የማይሳሳት አንባቢ ጥቂት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን ግራ አጋቢ አቆጣጠር በ1873 ባወጣው ሕግ አስቀርቶ ከ1874 መጀመሪያ አንሥቶ ፓውንዱ በ4.8665 እንዲታሰብ አደረገ። የእርስዎን የ1850ዎቹ ቁጥሮች በ0.04444 ቢያበዟቸው ከቀረው መስመር ጋር ይገጥማሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የዚያ ዘመን ተመን በአብዛኛው ለእጅ በእጅ ክፍያ ሳይሆን ስልሳ ቀን ቆይቶ ለሚከፈል የሐዋላ ወረቀት የተሰጠ ዋጋ ስለሆነ የስልሳ ቀን ወለድ በውስጡ አለ። በ1866 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር ዘላቂው የቴሌግራፍ ገመድ ከተዘረጋ በኋላ ነው የለንደንና የኒውዮርክ ዋጋ በዚያው ቀን መገናኘት የጀመረው፤ የምንዛሪ ነጋዴዎች ይህን ተመን ዛሬም «ኬብል» እያሉ የሚጠሩት ከዚያ ገመድ የተነሣ ነው።

ወደ ጠፍጣፋው መስመር ስመጣ፣ 4.8665 ማንም ባለሥልጣን ተሰብስቦ የቆረጠው የምንዛሪ ዋጋ አልነበረም። ሁለት አገሮች እያንዳንዳቸው ገንዘባቸውን በወርቅ ክብደት ስለወሰኑ ብቻ የተገኘ ድርሻ ነው። የለንደን ሐዋላ በኒውዮርክ ከሚገባው በላይ ሲወደድ ባለዕዳው ወርቁን ራሱን በመርከብ መላክ ይረክስለት ነበር፤ ሲረክስም ወርቁ በተቃራኒው ይመጣ ነበር። የማጓጓዣው፣ የኢንሹራንሱና የወለዱ ወጪ ጥቂት ሳንቲም ስለነበረ ተመኑ ከዚያ አልፎ ሊርቅ አይችልም ነበር። ይህ ሜዳ ከ1949 እስከ 1967 ካለው ሜዳ ጋር በዓይን ቢመሳሰልም በተፈጥሮው ሌላ ነው።

ነገረ ገንዘብ

ወንድሜ የድሮ መዝገብ ያስቀመጠው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ሜዳው የተሰበረባቸውን ሁለት ቦታዎች ነው።

የመጀመሪያው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ባንኮቹ በ1861 መጨረሻ የወረቀት ገንዘብን በወርቅ መለወጥ አቆሙ፤ መንግሥትም ከ1862 ጀምሮ ግሪንባክ የተባለውን ወረቀት ለጦርነቱ ወጪ አሳተመ። በ1864 በጋ 100 የወርቅ ዶላር ለማግኘት እስከ 285 የወረቀት ዶላር የተጠየቀበት ቀን ነበር። በወረቀት ዶላር ሲለካ ፓውንድ ያን ጊዜ ከ10 ዶላር በላይ ወጥቷል። በእርስዎ ስዕል ላይ ይህ የፓውንድ ታላቅ ድል ሆኖ ይታያል፤ በለንደን ግን አንዲት ነገር አልተለወጠችም፤ ሶቨሪኑ ያው 7.322 ግራም ነበር። የተንቀሳቀሰው ዶላሩ ብቻ ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1879 ወረቀቱ ዳግመኛ በወርቅ መለወጥ ሲጀምርም መስመሩ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። የአንድ ምንዛሪ ቁጥር ሁለት ባለቤት እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሁለተኛው 1914 ነው። ጦርነቱ ሲፈነዳ አሜሪካውያን በለንደን የነበረባቸውን ዕዳ ለመክፈል ፓውንድ ፍለጋ ተሻሙ፤ ፓውንድም ለጥቂት ቀናት ከ6 ዶላር በላይ ተሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ተገለበጠ። እንግሊዝ ጥይትና ስንዴ ከአሜሪካ በብድር ትገዛ ስለነበረ ፓውንድ ይዝል ጀመር፤ ከ1916 መጀመሪያ አንሥቶ ተመኑ በ4.76 ተኩል አካባቢ እንዲቆም የተደረገው የእንግሊዝ መንግሥት በኒውዮርኩ ባንክ በጄ ፒ ሞርጋን በኩል ፓውንድን ከገበያ እየገዛ ነው። ያ ጠፍጣፋ መስመር በብድር የተገዛ ነበር። በማርች 1919 ድጋፉ ሲነሣ ፓውንድ እየተንከባለለ በፌብሩዋሪ 1920 ወደ 3.20 ገደማ ደረሰ።

ከዚያ ወደ ላይ የተደረገው ጉዞ ነው እስከ ዛሬ የሚያከራክረው። ዊንስተን ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ኤፕሪል 28 ቀን 1925 ፓውንድን በቀድሞው 4.86 ወደ ወርቅ መለሰው።

ጠያቂዋ

በጣም ጠቃሚ ትምህርት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቁጥሩ ከጦርነቱ በፊት የነበረው ያው 4.86 ከሆነ፣ ወደ እሱ መመለሱ ለምን እንደ ጥፋት ይቆጠራል? አንድ ሰው የነበረውን ቃል መጠበቁ ሊያስመሰግነው እንጂ ሊያስወቅሰው አይገባም ብዬ አስባለሁ። ደግሞም በ1925 ገበያው ራሱ ወደ 4.80 ቀርቦ እንደነበረ በሚዛን ጠባቂ ስዕል ላይ አያለሁ።

ነገረ ገንዘብ

እህቴ፣ የመለሱትም ሰዎች የተከራከሩት ልክ እንደ እርስዎ ነበር፤ ቃልን ስለመጠበቅ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ በፓውንድ ያበደረ ሁሉ የሰጠውን ያህል ወርቅ መልሶ እንደሚያገኝ ያመነው በዚያ ቃል ነው። ችግሩ ቁጥሩ ቢመለስም ከቁጥሩ ሥር ያሉት ዋጋዎች ያልተመለሱ መሆናቸው ነው። በጦርነቱ ዓመታት የእንግሊዝ የዕቃ ዋጋና የሠራተኛ ደመወዝ ከአሜሪካው በበለጠ ጨምሮ ነበር። ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጉስታቭ ካሰል በዚያው ዘመን ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ የሁለት ገንዘቦች ተመን ውሎ አድሮ እያንዳንዱ በአገሩ ከሚገዛው ዕቃ ጋር መመጣጠን አለበት። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ ልዩነቱን ወደ አሥር በመቶ ገመተው።

አሥር በመቶ በመዝገብ ላይ ቀላል ነው። በአንድ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ከሰሉን ወደ ውጭ የሚልከው ባለ ማዕድን የውጭ ደንበኛው የሚከፍለው ዋጋ በዓለም ገበያ የተወሰነ ስለሆነ መጨመር አይችልም፤ ፓውንዱ አሥር በመቶ ሲወደድበት ከሽያጩ የሚያገኘው ፓውንድ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ያለው ምርጫ ማትረፉን መተው፣ ጉድጓዱን መዝጋት ወይም ደመወዝ መቁረጥ ነው። ባለቤቶቹ የመረጡት ደመወዝ መቁረጥንና የሥራ ሰዓት መጨመርን ነው፤ ሠራተኞቹ እምቢ አሉ፤ በሜይ 1926 ጠቅላላው የሥራ ማቆም አድማ ተቀሰቀሰ። የአድማው መንስኤ ምንዛሪው ብቻ ነው አልልም፤ በከሰሉ ንግድ ውስጥ ከዚያ በፊት የተከማቸ ብዙ ችግር ነበር። ነገር ግን ማዕድን ቆፋሪው ጨርሶ አይቶት የማያውቀው የዶላር ተመን ኪሱ ድረስ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ገበያው ወደ 4.80 የቀረበውም ነጋዴው የመንግሥትን ሐሳብ ቀድሞ ገምቶ ፓውንድ ስለገዛ ነው። ሊመጣ ያለ ውሳኔ ተመኑን ወደ ራሱ ስቦታል፤ ስለዚህ ለውሳኔው ትክክለኛነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ብራና

ቀጣዩን ክፍል እኔ ልያዘው፤ ለዓመታት ያነበብኩት ስለዚህ ዘመን ነው።

ኤውሮጳን ያናወጠው የባንክ ቀውስ በሜይ 1931 በቪየና ጀምሮ በበጋው ለንደን ደረሰ፤ ሴፕቴምበር 21 ቀን እንግሊዝ ፓውንድን በወርቅ መለወጥ አቆመች። በዓመቱ መጨረሻ ተመኑ ወደ 3.25 አካባቢ ወርዶ ነበር። ከዚያ ተራው የአሜሪካ ሆነ። ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት በ1933 ዶላሩን ከወርቅ አላቀቁት፤ በጃንዋሪ 1934 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ20.67 ወደ 35 ዶላር ተሰቀለ፤ ፓውንድም ምንም ሳያደርግ ከ5 ዶላር በላይ ሆነ። ሚዛን ጠባቂ «መቶ ዓመት ያላረፈ መንሸራተት» ያሉትን የማልቀበለው በዚህ ነው፤ በ1934 ፓውንድ በዶላር ሲለካ ከ1913ቱ ይበልጥ ውድ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በሴፕቴምበር 1939 ተመኑ 4.03 ላይ ተቸነከረ፤ ያለ ፈቃድ የውጭ ገንዘብ መያዝም ተከለከለ። ከጦርነቱ በኋላ የአገሮችን ምንዛሪ በቋሚ ተመን ያሰረው የብሬተን ውድስ ስምምነት ይህንኑ ቁጥር ወረሰ። ልብ በሉ፣ ይህ ከወርቅ ክብደት የተገኘ ድርሻ ሳይሆን መንግሥት የገባው ቃል ነው፤ ቃሉ የሚጠበቀውም በካዝና ባለው ዶላር ልክ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ስታፎርድ ክሪፕስ የምንዛሪ ቅነሳ እንደማይኖር ደጋግመው ሲናገሩ ቆይተው እሑድ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1949 በሬዲዮ 2.80 መሆኑን አወጁ። ብዙ ሰው እንደ ውሸት ይቆጥርባቸዋል። እኔ ግን ሌላ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር እላለሁ፤ «ምናልባት እንቀንሳለን» የሚል የገንዘብ ሚኒስትር በማግሥቱ ካዝናውን ባዶ ያገኘዋል። ቋሚ ተመን የሚያስከትለው ትልቁ ክፋት ለእኔ ይህ ነው፤ ሐቀኛውን ሰው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እንዲክድ ያስገድደዋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ መቶኛው ላንሣ፤ በየመጽሔቱ የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁና። ከ4.03 ወደ 2.80 መውረድ ለፓውንዱ 30.5 በመቶ ቅናሽ ነው። ዶላር ለሚገዛው እንግሊዛዊ ግን አንድ ዶላር ከ0.248 ፓውንድ ወደ 0.357 ፓውንድ ወጣበት፤ ይህ 44 በመቶ ጭማሪ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያየው የቆሙበት ደጃፍ ነው።

2.80 ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆየ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ከ1964 ጀምሮ ሲከላከሉት ኖረው ቅዳሜ ኖቬምበር 18 ቀን 1967 ወደ 2.40 ዝቅ አደረጉት፤ በማግሥቱ በቴሌቪዥን ቀርበውም በሕዝቡ ኪስ ያለው ፓውንድ በአገር ውስጥ ዋጋው እንዳልቀነሰ ተናገሩ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጄምስ ካላሃን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዚያ በኦገስት 1971 ፕሬዝዳንት ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መለወጥ አቆሙ፤ በዲሴምበር ፓውንድ በ2.6057 እንደገና ቢወሰንም ያ ተመን ስድስት ወር ብቻ ኖረ። ጁን 23 ቀን 1972 ፓውንድ ተንሳፈፈ፤ ማለትም ተመኑ በየቀኑ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። የእርስዎ መስመር ዕረፍት ያጣው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

ዘመን ቆጣሪ

ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ ሆኖም ከ1972 ወዲህ ሜዳ የለም የሚለው የሚስተካከል ይመስለኛል። ከኦክቶበር 1990 እስከ ሴፕቴምበር 1992 ፓውንድ በድጋሚ በቋሚ ተመን ተይዞ ነበር፤ ባለሀብቱ ጆርጅ ሶሮስ በፓውንድ መውደቅ ላይ ተወራርዶ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል ያተረፈበት ጊዜ ማለቴ ነው። ስለዚህ ሚዛን ጠባቂ በስዕሉ ላይ ለእነዚያ ሁለት ዓመታት ቀጥ ያለ መስመር ሊያሰምሩ ይገባል።

የድሮ መዝገብ

ዘመን ቆጣሪ፣ ዓመቱ ልክ ነው፤ ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። ፓውንድ በዚያን ጊዜ የታሰረው ከዶላር ጋር ሳይሆን በኤውሮጳ የምንዛሪ ሥርዓት ውስጥ ከጀርመን ማርክ ጋር ነው። መካከለኛው ተመን 2.95 ማርክ ሲሆን ዝቅተኛው ወለል 2.778 ነበር። ማርኩ በዶላር አንጻር ሲወጣና ሲወርድ ፓውንድም አብሮት ስለሚሄድ በእኛ ስዕል ላይ ሜዳ አይታይም። እንዲያውም በሴፕቴምበር 1992 መጀመሪያ ላይ ፓውንድ 2 ዶላር ገደማ ነበር፤ የጀርመን ወለድ ከፍተኛ፣ የአሜሪካ ወለድ ዝቅተኛ ስለነበረ ማርክ ወደ ላይ ሲወጣ ፓውንድንም ጎትቶ አውጥቶት ነበርና።

ፓውንድ ከዚህ ሥርዓት የወጣባትን ረቡዕ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1992 በሰዓት መከተል ይጠቅማል። ማለዳ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ፓውንድን በቢሊዮን እየገዛ ወለሉን ሊያስጠብቅ ሞከረ። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ የወለድ ተመኑ ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ ማለቱ ተነገረ፤ ፓውንድ ከወለሉ አልተነሣም። ከ8 ሰዓት ከሩብ ላይ በማግሥቱ 15 በመቶ እንደሚሆን ተነገረ፤ አሁንም አልተነሣም። ገበያው ያየው ሌላ ነገር ነበር፤ ኢኮኖሚው በድቀት ውስጥ ያለና አብዛኛው የቤት ባለዕዳ በተለዋዋጭ ወለድ የሚከፍልበት አገር 15 በመቶን ብዙ ቀን ሊሸከም አይችልም። ምሽት 2 ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የገንዘብ ሚኒስትሩ ኖርማን ላሞንት ወጥተው አገሪቱ ከሥርዓቱ መውጣቷን አሳወቁ። (ሰዓቶቹ የለንደን ናቸው፤ አቆጣጠሩን ወደ እኛ መልሼዋለሁ።) ግምጃ ቤቱ ከዓመታት በኋላ ይፋ ያደረገው ኪሳራ 3.3 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። በዶላር ሲለካ ፓውንድ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1.50 በታች ወረደ።

ዘመን ቆጣሪ

ስላረሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ማርክን ረስቼ ነው፤ የራሴንም ማስታወሻ አስተካክያለሁ።

ተማሪ ነበርኩ

በታሪክ ዕውቀት ከእናንተ ጋር አልወዳደርም፤ ነገር ግን ከመስመሩ ላይ አንዱን ነጥብ በሕይወቴ ስለማውቀው ልናገር። በ2016 በእንግሊዝ አገር የሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ስለነበረ 20,000 ፓውንድ ክፍያ ነበረብኝ፤ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ደግሞ በዶላር ነበር። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ከመደረጉ በፊት ባለው ቀን ግማሹን በ1.48 መንዝሬ ከፈልኩ። ቀሪውን ደመወዜን ጠብቄ ለማድረስ አሳደርኩት።

ጁን 23 ሌሊት የድምፅ ቆጠራውን እየተከታተልኩ ነበር። የምርጫ ጣቢያዎች እንደተዘጉ ፓውንድ 1.50 ደረሰ፤ ያሳደርኩትን ግማሽ እያሰብኩ ራሴን ወቀስኩ። ከዚያ ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ሲመጡ ቁጥሩ በዓይኔ ፊት ይቀልጥ ጀመር። ሳይነጋ ከ1.33 በታች ደርሷል። በቀጣዩ ሳምንት ሁለተኛውን 10,000 ፓውንድ በ1.34 ገዛሁ፤ የመጀመሪያው 14,800 ዶላር ሲያስወጣኝ ሁለተኛው 13,400 አስወጣኝ። እኔ 1,400 ዶላር አተረፍኩ፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግን በፓውንድ እየተከፈላት ለአሜሪካ የትምህርት ብድሯን በዶላር ትመልስ ስለነበረ በዚያች ሌሊት የሷ ዕዳ ከበደ። ቁርስ ላይ ስንገናኝ የምንለው ጠፋን። ሁለታችንም ያደረግነው ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ ያላስተዋልኩትን ደግሞ ከብራና ጽሑፍ ተማርኩ፤ ፓውንድ የተንሳፈፈበትም ቀን ጁን 23 መሆኑን አላውቅም ነበር።

ነገረ ገንዘብ

ይህ ምስክርነት ወደ ቀረው ጥያቄ ያስገባናል፤ ከ1972 ወዲህ ያለው መስመር ሲወርድ የወደቀው ማን ነው?

በ1976 የወደቀው በርግጥ ፓውንድ ነው። የእንግሊዝ የዋጋ ንረት ከፍተኛ ነበር፤ ተመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ2 ዶላር በታች ወረደ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ዴኒስ ሂሊ በሴፕቴምበር ወደ ውጭ ሊበሩ ሒትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው ተመለሱ፤ አገሪቱም ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.9 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ጠየቀች። ከዚያ በሰሜን ባሕር ነዳጅና በከፍተኛ ወለድ ታግዞ ፓውንድ በ1980 ከ2.40 በላይ ወጣ።

በፌብሩዋሪ 1985 የታየው 1.05 ግን በአመዛኙ የዶላር ታሪክ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በፖል ቮልከር መሪነት ወለዱን ሰቅሎ ስለነበረና የመንግሥቱም የበጀት ጉድለት ሰፊ ስለነበረ የዓለም ገንዘብ ወደ ዶላር ጎረፈ፤ ማርኩም ፍራንኩም ከፓውንድ ጋር አብረው ወርደዋል። በሴፕቴምበር 1985 አምስት መንግሥታት በኒውዮርክ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው ዶላሩን ዝቅ ለማድረግ መስማማታቸው ራሱ በሽተኛው ማን እንደነበረ ይናገራል።

የ2022ቱ ደግሞ ሁለቱም ተደራርበው የመጡበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ዶላር በወለድ ጭማሪ ሲጠነክር ዩሮና የንም ሲዳከሙ ቆይተዋል። በዚያ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ ክዋሲ ክዋርቴንግ ሴፕቴምበር 23 ቀን ከየት እንደሚሸፈን ያልተነገረ የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የግብር ቅነሳ አወጁ፤ ሰኞ 26 በእስያ ገበያ ማለዳ ፓውንድ ወደ 1.03 ወረደ። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስፈራው አብሮት የሆነው ነው። በተለምዶ የአንድ አገር የቦንድ ወለድ ሲጨምር ገንዘቡ ይጠነክራል፤ በእነዚያ ቀናት ግን የእንግሊዝ መንግሥት ቦንድ ወለድ እየናረ ፓውንዱ ወደቀ። አበዳሪዎች በአንድ መንግሥት ላይ እምነት ሲያጡ የሚታይ ምልክት ይህ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ በ28 ረጅም ዕድሜ ያላቸውን ቦንዶች ለመግዛት ገባ፤ ሚኒስትሩ ኦክቶበር 14 ከሥልጣን ተነሡ፤ ፓውንድም በወሩ መጨረሻ ወደ 1.15 አካባቢ ተመልሶ ነበር። የ1.03ዋ ነጥብ ለሰዓታት ብቻ የታየች ስለሆነች ለዓመታት ጸንተው ከቆዩት ከ2.80 እና ከ2.40 ጎን እኩል አያቁሟት፤ የየዓመቱን አማካይ ቢጠቀሙ ይሻላል።

ሚዛን ጠባቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስዕሉን አፍርሼ እንደገና እየሠራሁት ነው። የወርቁን ዘመን በአንድ ቀለም፣ ከ1916 እስከ 1919 በብድር የቆመውን በሌላ፣ ከ1939 እስከ 1972 በመንግሥት ቃል የቆመውን በሦስተኛ፣ የተንሳፈፈባቸውን ዓመታት ሁሉ ደግሞ በተቆራረጠ መስመር አደርጋቸዋለሁ። ከሥሩም ፓውንድና ዶላር እያንዳንዳቸው በወርቅ ሲለኩ የነበራቸውን ዋጋ እስከ 1971 ድረስ ለየብቻ አስገባለሁ፤ ማን እንደተንቀሳቀሰ በግልጽ እንዲታይ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በ1947 በጋ ከባድ የምንዛሪ ቀውስ እንደነበረ በብዙ ቦታ አነበብኩ፤ በሰንጠረዤ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ 4.03 ነው፤ ቅንጣት አልተነቃነቀም። መረጃዬ ተሳስቷል?

ብራና

አልተሳሳተም፤ ቀውሱ ያለው እርስዎ በማይስሉት መዝገብ ውስጥ ነው። እንግሊዝ ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ስትበደር ከገባችው ግዴታ አንዱ የውጭ አገር ሰዎች በንግድ ያገኙትን ፓውንድ በነፃነት ወደ ዶላር መለወጥ እንዲችሉ መፍቀድ ነበር። ጁላይ 15 ቀን 1947 ተፈቀደ። ፓውንድ የነበረው ሁሉ በ4.03 ዶላር ሊወስድ መጣ፤ ባንኩም ቃሉን ጠብቆ በ4.03 ከፈለ፤ ለዓመታት ይበቃል የተባለው ብድር በሳምንታት ውስጥ ወደ መሟጠጥ ደረሰ። ኦገስት 20 ቀን ፈቃዱ ተነሣ። ተመኑ ያልተንቀሳቀሰው ዶላሩ ስለወጣለት ነው።

ስለዚህ ለቋሚዎቹ ዘመናት ሁሉ ከተመኑ መስመር ሥር የወርቅና የዶላር መጠባበቂያ ክምችቱን በሌላ መስመር ያክሉ። ለ1949፣ ለ1964 እና ለ1967ም ይሠራልዎታል፤ በእነዚያ ዓመታት መጀመሪያ የሚያዘነብለው የታችኛው መስመር ነው።